ሟቹ ፀጉር አስተካካይ

ጥቅምት 11

አባዬ፣

ወገብህ እንዴት ነው? «ደህና ነው» ብለህ እንዳታልፈኝ፤ አውቅሃለሁ። በደንበኛና በደንበኛ መሃል ትንሽ ቁጭ በል። ደብዳቤህ ደርሶኛል፣ ፖስታው ግን ተከፍቶ ነው የደረሰኝ። እዚህ የውድድሩ ቤት ስንገባ ስልካችንን ስማችን በተጻፈበት ከረጢት አድርገው ወሰዱት። «በወረቀት መጻጻፍ ትችላላችሁ፣ እንዲያውም ያምራል» አሉን። የሚገባውንም የሚወጣውንም ቢሮው ያነበዋል። እንግዲህ ከአባቴ በፊት ይህን ለምታነቡ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ለጠየቅከኝ ልመልስ። እበላለሁ። አልጋዬ ከመስኮቱ ራቅ ያለ ስለሆነ ብርድ አይመታኝም። ሻርፔን አልጣልኩም። አብራኝ የምታድረው ልጅ ኬክ ቤት ትሰራ የነበረች ናት፣ በእንቅልፍ ልቧ ዱቄት ትለካለች። ሁላችንም አስራ ሁለት ነን፤ የሚዘፍን አለ፣ የሚጨፍር አለ፣ አንዱ ደግሞ የወፍ ድምፅ ያወጣል።

ጠዋት ግማሽ ሰዓት የድምፅ ልምምድ አለን። የቀረው ጊዜ ለሜካፕ፣ ለፎቶና «ታሪክ ክፍል» ለሚሉት ነው። ታሪክ ክፍል ማለት ሁለት ሶፋ፣ አንድ ካሜራና አንድ ካርቶን ሶፍት ያለበት ጠባብ ክፍል ነው። ኃላፊዋ ድምፅዋ የሚያባብል፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። «በሕይወትሽ ምን ጎድሎብሻል?» አለችኝ። እናቴ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እንደሞተች፣ አንተ የሰው ፀጉር እያስተካከልክ ብቻህን እንዳሳደግከኝ፣ የሴት ልጅ ፀጉር መጎንጎን አቅቶህ ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊዋ እንደተማርክ ነገርኳት። ጻፈች፣ ጻፈችና እስክሪብቶዋን ነከስ አድርጋ «ቆንጆ ነው፤ ግን አያስለቅስም» አለች።

የቅዳሜውን ፕሮግራም ማየትህ አይቀርም፤ እንዴት እንደነበር ንገረኝ። ስለ እኔ የሚሉት ነገር ግር ካሰኘህ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ከዚህ በላይ በዚህ ወረቀት መጻፍ አልችልም።

ልጅህ


ጥቅምት 19

ልጄ፣

ወገቤን ተዪው። የቅዳሜውን ነገር ንገረኝ ብለሻል፣ ልንገርሽ።

ሱቁ መላወሻ አልነበረውም። ቴሌቪዥኑን ከመስታወቱ በላይ ሰቅለነዋል። መካኒኩ ከነቱታው፣ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ ሁሉም መጡ። ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው፤ «እኔን ተወኝ፣ ልጅህን እይ» አለኝ። አንቺ ብቅ ስትዪ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ ምን አለ? «እናትና አባቷን ሞት ነጥቋት ብቻዋን የቀረችው...»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምላጭ እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። ሰው የገዛ መርዶውን ሲሰማ ምን ማለት እንዳለበት ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። መካኒኩ ነው የቀደመው። «ነፍሱን ይማር፣ ጥሩ ሰው ነበር፤ ጆሮ መንካት ግን ያበዛ ነበር» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም።

በማግስቱ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ «ሟቹ እንዴት አደርክ?» ይለኛል። ቀልድ ነው፣ እኔም እቀልዳለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ቀልዱ ከእኔ ጋር አይገባም።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አንቺ ነሽ ያልሽው ወይስ እነሱ ናቸው? አንቺ ብትሆኚም አልቆጣም። ማወቅ ነው የምፈልገው።

አዘፋፈንሽን ግን ሳላነሳ ባልፍ ነውር ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ ሳትወስጂ ስታልፊ እኔ ነኝ ትንፋሽ ያጠረኝ። ስለ እሱ ማንም ምንም አላለም፣ ዳኞቹም ቢሆኑ።

አባትሽ


ጥቅምት 26

አባዬ፣

ይህ ደብዳቤ በቢሮው በኩል አልመጣም። ልብሳችንን የምታጥበው ሴትዮ ከቅርጫቷ ስር ይዛ ወጥታ ነው ፖስታ ቤት የምትጥልልኝ። ከእንግዲህ ፖስታው ጀርባ ላይ በጻፍኩት በእሷ አድራሻ ጻፍልኝ።

አላልኩም። በእናቴ ነፍስ አላልኩም። ስለ እናቴ እየነገርኳት አለቀስኩ፣ እሱን ቀረጹት፣ አንተ ያለህበትን ቆርጠው ጣሉት። ያንን ሰውዬ የሰማሁት ቅዳሜ መድረክ ላይ ቆሜ ነው። ትንፋሽ ሳልወስድ አለፍኩ ያልከው ለጥበብ አይደለም፤ ብተነፍስ እጮህ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዋናው አዘጋጅ ቢሮ ገባሁ። «አባቴ በሕይወት አለ፣ አስተካክሉልኝ» አልኩት። እንደ ሕፃን አየኝ። «አባትሽን እኮ አልገደልነውም። ዝም ብለን አላነሳነውም» አለ። ደግሞ ስገባ የፈረምኩትን ወረቀት አወጣ። ገጽ አስራ አንድ ላይ የሕይወት ታሪኬን «ለፕሮግራሙ በሚስማማ መልኩ» ሊያቀርቡት እንደሚችሉ ተጽፏል። ፊርማዬም አለ፣ ያው ያንተን አስመስዬ የማሽከረክረው ፊርማ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረና «እዪ፣ ከአስራ ሁለቱ ብዙ ድምፅ ያገኘሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ሰው ድምፅ የሚሰጠኝ ለድምፄ አይደለም አባዬ።

አሁን የባሰውን ልንገርህ። ቤታችንን ሊቀርጹ ይመጣሉ። ቀኑን አልነገሩኝም። ልብስ ሰፊዋ አሳዳጊዬ ነኝ ትበልልኝ። አንተ... እንዴት ብዬ ልጻፈው? ለሁለት ሰዓት ያህል ዘወር ብትልልኝ። ይህን አባቱን የሚለምን ልጅ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነ ስትጠየቅ አላውቅም በል። ልውጣ ብል ደግሞ ውል አፍርሰሻል ይሉኛል። መውጫው የት እንደሆነ ጠፍቶኛል።

ልጅህ


ኅዳር 6

ልጄ፣

አልተቆጣሁም። ከዚያ ወዲህ በላክሻቸው ደብዳቤዎች ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ፣ ሦስቴም አልተቆጣሁም። መጡ ወይ ላልሽው፣ መጥተው ሄዱ።

ዘወር ልል ነበር፣ ግን ሳይነግሩን ነው የመጡት። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የሰው ማጅራት እየላጨሁ ሦስት መኪና በሩ ላይ ቆመ። አንድ ጎረምሳ፣ አንገቱ ላይ ማዳመጫ ያጠለቀ፣ ዘው አለና «የሟቹ ሱቅ ይሄ ነው?» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ልብስ ሰፊዋ ከየት እንደደረሰች እንጃ፣ መርፌዋን ከንፈሯ ላይ እንደያዘች «አዎ፣ አዎ፣ አሁን ወንድምየው ነው የሚሰራበት» አለችና ክንዴን ቆነጠጠችኝ። እንግዲህ በገዛ ሱቄ የራሴ ወንድም ሆንኩልሽ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ከእናትሽ ጋር የተነሳሁትን ፎቶ አወረዱት። ጎረምሳው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ። «በጣም ትመሳሰላላችሁ» አለ። «ድሮም ሰዎች ይሉናል» አልኩት። መካኒኩ በር ላይ ቆሞ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጥቶ ሄደ። ፎቶዬ ስር ሻማ አበሩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝና «ስለ ሟቹ ንገረን» አሉኝ።

ያልኩትን ቅዳሜ ትሰሚዋለሽ፣ ካልቆረጡት። ብቻ ከእኔ መስማትሽ ይሻላል። ወንድሜ ያን ያህል ጎበዝ ፀጉር አስተካካይ አልነበረም አልኳቸው። ሚስቱ የሞተች ሰሞን እሱና ልጁ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር የሚውሉት። ደንበኛ ሲመጣ ይነሳል፣ ሲሄድ ተመልሶ ይቀመጣል። ልጅቷ አትናገርም። አንድ ቀን ዝም ብላ ተነሳችና መጥረጊያ ይዛ የወደቀውን ፀጉር መጥረግ ጀመረች፤ እየጠረገች ዘፈነች። እናቷ ከሞተች የመጀመሪያዋ ነበር። ወንድሜ ደንበኛው ላይ እንደቆመ አለቀሰ። እንባው ሰውዬው አናት ላይ ይንጠባጠባል፣ ሰውዬው ውሃ የነፋበት መስሎት ዝም ብሎ ተቀምጧል።

ይህን ነግሬሽ አላውቅም። ሰው እንዴት እንዲህ ያለውን ለልጁ ይነግራል? ከአፌ የወጣው ሞቼ ነው።

ካሜራ የያዘው ልጅ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ጎረምሳው ግን «ግሩም! አሁን ደግሞ ቀስ ብለህ፤ እንዴት እንደሞተም ጨምርበት» አለኝ። «እንዴት ልሙት?» አልኩት። የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። «ሥራ ላይ እያለ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር እንደሱ ብሞት ደስ ይለኛል።

ሲሄዱ ሻማውን ረስተውት ሄዱ። እፍ ብዬ አጠፋሁት።

አባትሽ


ኅዳር 20

አባዬ፣

አልቆረጡትም። ትልቁ ስክሪን ላይ፣ ሺህ ሰው ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ያ መጥረጊያ ትዝ አይለኝም ነበር። ከዚያ «ዝፈኚ» አሉኝ። እንዴት እንደዘፈንኩ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ድምፄ ሁለቴ ተሰብሯል፣ ሁለቴም አጨበጨቡ። ባለ ባርኔጣው ዳኛ ተነስቶ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አደረገ። አዳራሹ በእንባ ታጠበ። ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይም ሁለቴ አውልቆ ሞክሮ ነበር፣ አንደኛው ላይ ፀጉሩ ስለተበላሸ ነው የደገመው።

ሦስት ቀርተናል። ኬክ ሰራተኛዋ ወጣች። እሷ ስለቤተሰቧ ስትጠየቅ «ሁሉም ደህና ናቸው፣ እንዋደዳለን» ብላ ድርቅ አለች፣ እነሱም በሚቀጥለው ቅዳሜ አሰናበቷት። ሻንጣዋን ስትዘጋ ቀናሁባት። ከቀረነው ሦስት አንዱ አውቶቡስ ላይ ትኬት ይቆርጥ የነበረ ጨፋሪ ነው። ደህና እግሩን ፋሻ ጠቅልለውበት «ከአደጋ ተርፎ» እያሉት ነው። የትኛው እግሩ እንደሆነ እየረሳ ባለፈው በግራው ገባና በቀኙ እያነከሰ ወጣ። ማንም አላስተዋለም። እኛ ከመጋረጃ ጀርባ ሳቅን፣ ከዚያ እሱ ራሱ አለቀሰ። «እናቴ ደውላ የትኛው እግርህ ነው የተሰበረው ብላ ስትጮህባቸው ነበር አሉ፤ አላገናኙኝም» አለኝ።

አሁን ያልነገርኩህ። አንድ የወሬ መጽሔት ፎቶህን አውጥቷል። ሱቅህ በር ላይ ፎጣ እያራገፍክ፤ ከላዩ «ሟቹ አባት ፀጉር ይቆርጣል» ይላል። የታሪክ ክፍሉ ኃላፊ አስጠራችኝ። ዋናው አዘጋጅም ነበረ። ያበቃልኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ፣ እግዜር ያሳይህ፣ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ሲስቁ አገኘኋቸው። «ከዚህ የተሻለ ልንጠይቅ አንችልም ነበር» ይባባላሉ።

ያሰቡትን መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ወደ አንተ ሰው ሳይልኩ አይቀሩም።

ልጅህ


ኅዳር 25

ልጄ፣

አዎ፣ መጡ። ሁለት ሰዎች፣ ሱፍ የለበሱ፣ ጨዋዎች። ተራ ጠብቀው ነው የተቀመጡት፤ ደንበኛ መስለውኝ ፎጣ ይዤ ነበር።

ከእንግዲህ ሙት አይደለሁም። ጥዬሽ የጠፋሁ አባት ነኝ። እናትሽ ስትሞት ትቼሽ ሄጄ፣ አሁን ዝነኛ ስትሆኚ ወንድሜን መስዬ ብቅ ያልኩ። አንቺ ደግሞ ከኀፍረት የተነሳ «ሞቷል» ያልሽ ሆነሻል። የመጨረሻው ቅዳሜ መድረክ ላይ ወጥቼ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፣ አንቺም ትምሪኛለሽ።

«ለመሆኑ የት ነበርኩ?» አልኳቸው። «ማለት?» አሉኝ። «ጥያት ስሄድ የት ነበር የሄድኩት? አንድ ሰው ቢጠይቀኝስ?» አንደኛው ሳቅ አለና «እሱን አንተ አትጨነቅ፣ ሕዝቡ ራሱ ይሞላዋል» አለኝ። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች መጥታ ሰደበቻቸው። በትህትና አዳመጧት። ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። እምቢ ካልኩ «እኛ ያቀረብነው ልጅቷ የነገረችንን ነው» ይላሉ። ሕዝብ ያታለለች ውሸታም ተብለሽ ትወጫለሽ፣ ውል አፍርሰሻል ተብለሽም ትከሰሻለሽ። እሺ ካልኩ ማንም አይነካሽም።

እስከ ረቡዕ መልስ ስጠን ብለው ሄዱ። ሰው ስሙ ቢጠፋ ለልጁ ሲል ይጥፋ፣ እኔ ምን ቀረኝ? የሚከብደኝ ሌላ ነው። ጥያት ሄድኩ ብዬ በአፌ ማለቱ ነው። በመሞቱ በኩል ብዙም አልተቸገርኩም ነበር፣ መቼም አንድ ቀን መሆኑ አይቀርም። ይሄ ግን በፍጹም ያልሆነ፣ የማይሆን ነገር ነው።

አንቺ ምን ትያለሽ? እነሱ የሚሉትን አትጻፊልኝ፤ አንቺ የምትይውን ጻፊልኝ። አትምጣ ካልሽኝ አልመጣም፤ የመጣው ይምጣ።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

አባትሽ


ኅዳር 28

አባዬ፣

አትምጣ።

ውሸታም ይበሉኝ። ይክሰሱኝ። መጥቼ ፀጉር እጠርጋለሁ። በምንም ተአምር እንዳትመጣ። ካሁን ወዲያ ማንም ሰው መጥቶ «እሷ ናት ያለችው» ቢልህ፣ ፊርማዬን ቢያሳይህ እንኳ እንዳታምን።

አጣቢዋ በሩ ላይ እየጠበቀችኝ ነው። አትምጣ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 20

ልጄ፣

የኅዳር 28 ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። አጣቢዋ በር ላይ ተፈትሻ ከሥራ ወጥታለች፤ ደብዳቤሽን ጡቷ ስር ደብቃ አውጥታው ኖሮ ሌላ ሥራ ስትፈልግ ቆይታ ነው የላከችው። ይቅርታ ጠይቅልኝ ብላ አንድ መስመር ጽፋበታለች። ምን አጠፋች?

ረቡዕ ድረስ ጠበቅኩ። ሐሙስም ጠበቅኩ። መልስ ሳጣ «ጨነቃት፣ አትምጣ ለማለትም ና ለማለትም አቃታት» አልኩ። የተውሽልኝ መሰለኝ። ስለዚህ ሄድኩ።

መድረክ ላይ የሆነውን አልጽፍም፣ አንቺም ነበርሽ። እዚያው ቁጭ ብለሽ የማታውቂውን ብቻ ልንገርሽ። ከጀርባ አንዲት ሜካፕ የምትሰራ ልጅ ነበረች። ለዚያ ቀን ብዬ ፀጉሬን ራሴ በሁለት መስታወት ቆርጬ፣ ጫማዬን ጠርጌ ሄጄ ነበር። ልጅቷ «ይቅርታ አባቴ» እያለች ፀጉሬን በተነችው፣ በሆነ ቅባት ወዲህና ወዲያ አቆመችው፣ ጫማዬ ላይ ዱቄት ነፋችበት። «ጥሎ የጠፋ ሰው እንዲህ ንጹሕ አይሆንም አሉኝ» አለችኝ። እንባ እንባ ይላት ነበር። እኔ ነኝ ያጽናናኋት። ሥራዋ ነው። አድራሻዋን ሰጥታኝ ይህን ደብዳቤ በእሷ በኩል ነው የምልክልሽ።

ስንበረከክ ጎንበስ ብለሽ ጆሮዬ ስር የሆነ ነገር አልሽኝ። ጭብጨባው በላው። ምን ነበር ያልሽው? ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን እያሰብኩ ነው።

ስለ ሱቁ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። ደህና ነው ልልሽ ነበር። አሸንፈሻልና ደስታሽን ማደፍረስ አልፈለግኩም ነበር። ግን ከሰው ከምትሰሚው። የሠፈሩ ሰው ያው ነው፣ ያውቀኛል። ከሌላ ቦታ የሚመጣው ነው እንጂ። መስታወቱ ላይ በቀለም «ጨካኝ» ብለው ጻፉበት። መካኒኩ በቤንዚን አጠበው፣ በማግስቱ ደገሙት። አንዲት ሴት ልጆቿን ይዛ መጥታ «እዩት፣ ይሄ ነው» ብላ አሳየቻቸው። ልብስ ሰፊዋ ወጥታ «ውሸት ነው! እኔ ምስክር ነኝ! አንድ ቀን ከአጠገቧ ተለይቶ አያውቅም!» ብላ ስትጮህ፣ ሴትየዋ በሐዘኔታ አየቻትና «ምን ሰጥቶሽ ነው?» አለቻት።

ስለዚህ ዘጋሁት። አሁን ከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ሰው ቤት ተቀጥሬ እቆርጣለሁ። መንገደኛ ነው የሚመጣው፣ ተላጭቶ ይሄዳል፣ ፊት አያይም። ጢሜን አሳድጌያለሁ። አያምርብኝም።

አባትሽ


ጥር 3

አባዬ፣

ደብዳቤህን አስር ጊዜ አነበብኩት። ስልክ እያለሽ ለምን በወረቀት ትጽፊያለሽ ብለህ ትገረም ይሆናል። ስልኩን ሰጥተውኛል፤ የሚያነሳው ግን ቢሮው ነው። ሁለት ዓመት የእነሱ ነኝ። የተሰጠኝ ቤት ሰፊ ነው፣ በሩ ላይ ጠባቂ አለ፣ እኔን ከሰው ይጠብቅ ወይ ሰውን ከእኔ እስካሁን አልገባኝም። ወደ አንተ ልምጣ ስላቸው «ታርቃችሁ ስትገናኙ መቀረጽ አለበት» ይሉኛል። ያለ ካሜራ አይሆንም። ከካሜራ ጋር ደግሞ እኔ አልፈልግም። ዘፈን አልዘፈንኩም፣ ስለ ይቅርታ ነው ከቦታ ቦታ የማወራው። ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ የፍራሽ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር።

ምን እንዳልኩህ ጠየቅከኝ። «ይቅር ብዬሃለሁ» በይ ተብዬ ነበር፣ ማይክራፎኑ ላይ እሱን ብያለሁ፣ ሰምተሃል። ጆሮህ ስር ያልኩህ ግን «ፀጉርህን ማነው እንዲህ ያበላሸው?» ነው። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። እጄ ሊያስተካክለው ሄዶ ነበር፤ እሱን ነው «በፍቅር ዳሰሰችው» ብለው ፎቶ ያደረጉት።

አሁን ስማኝ። የፊታችን ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሬዲዮ ጣቢያ ወስደው ያናግሩኛል። በቀጥታ ነው የሚተላለፈው። በቀጥታ የሚተላለፍ ነገር አይቆረጥም አባዬ፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሁሉንም እናገራለሁ። ገጽ አስራ አንድን፣ ታሪክ ክፍሏን፣ ጫማህ ላይ የነፉትን ዱቄት። ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉኝ። ሬዲዮ ባለበት ቦታ ሁን። ላንተ ነው የምናገረው፣ ሌላው ሰው አብሮ ይስማ።

በፖስታ ቤት በኩል በራሴ እጅ ነው የምጥለው። ጠባቂው ሲጋራ ሊገዛ ሲወጣ።

ልጅህ


ጥር 12

ልጄ፣

ሰማሁት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማሁት።

አለቃዬን ሬዲዮኑን ከፍ አድርግልኝ ብዬው ነበር። ሱቁ ውስጥ አራት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፣ እኔ የአንድ ሹፌር ጢም ጀምሬያለሁ። ጥሩ ተናገርሽ። አልተቻኮልሽም። ስሜን ስትጠሪ፣ በየቀኑ ትምህርት ቤት በር ላይ ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል እንዳደረግኩ እንደምቆም ስትናገሪ፣ ምላጩን አስቀምጬ እጄን ጠረግኩ። «አባቴ አንድም ቀን ጥሎኝ አልሄደም። ያያችሁት ሁሉ ውሸት ነው፤ እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ» አልሽ። እንደሱ ነው ያልሽው፣ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። አበቃ፣ ነጻ ወጣን አልኩ።

አንቺን ከዚያ በኋላ አውጥተውሽ ከሆነ አልሰማሽ ይሆናል። ልተወው ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን እስከዛሬ የደበቅኩሽ ነገር አንዱም አልበጀንም። ጋዜጠኛዋ እያለቀሰች ነበር። «አድማጮቻችን፣ ይህን ልብ ሰማችሁ?» አለች። «ያን ሁሉ ላደረሰባት ሰው እንኳ ጥፋቱን በራሷ ላይ ወስዳ ስትሸፍንለት! ይቅርታ ማለት ይሄ ነው።» ስልክ ከፈቱ። የደወለው ሁሉ ያንኑ ነው ያለው። አንዲት እናት «እንዲህ ያለች ልጅ ስጠኝ» ብላ ጸለየች። አንድ ሰውዬ ብቻ «እውነቷን ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ተቆጡት።

ከዚህ በኋላ አትናገሪ ልጄ። በተናገርሽ ቁጥር አንቺ ከፍ ትያለሽ፣ እኔ ዝቅ እላለሁ። ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ድካምሽ ነው የምለው። ሁለት ዓመት ረጅም ነው፣ ግን ዓመት ነው፣ ያልቃል። ዝፈኚ፣ ከቻልሽ። ካልቻልሽም ተኚ፣ ብዪ። እኔ አምኜሻለሁ። ይበቃል ልልሽ ነበር፤ አይበቃም፣ አውቃለሁ። ያለን ግን እሱ ነው።

ሹፌሩ ወንበሩ ላይ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማ ቆይቷል። ምላጩን አንስቼ ቀጠልኩ። ጉሮሮው ጋ ስደርስ «ይህቺ ልጅ እኮ መልአክ ናት» አለ። «ናት» አልኩት። «ያንን አባቷን ግን በዚህ እጄ ባገኘው!» አለ፣ ከፎጣው ስር እጁን አውጥቶ ጨበጠው። «አትንቀሳቀስ፣ እንዳልቆርጥህ» አልኩት። እጁን ወደ ፎጣው ስር መለሰና «አንተስ ልጅ አለህ?» አለኝ።

«አንድ አለችኝ» አልኩት።

«ትወድሃለች?»

«አዎ።»

«ታድለሃል» አለኝ።

«ቀና በል» አልኩት፤ «አገጭህ ስር ትንሽ ቀርቷል።»

አባትሽ